የምን 15 ፐርሰንት?

አራት ኪሎ አካባቢ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሚኒስትሪ ሲቃረብ ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው የፐርሰንት ጥያቄ ነው። ማባዛትና ማካፈል ያውቃሉ። የሚያስቸግራቸው "15 ፐርሰንት" የሚል ቃል ገና ሲያዩ፣ የምን 15 ፐርሰንት እንደሆነ ሳይጠይቁ ማባዛት መጀመራቸው ነው።

ሰሞኑን አንዷ ተማሪዬ አባቷ ፒያሳ ጫማ የገዙበትን ደረሰኝ ይዛ መጣች። ቫትን ጨምሮ 1,380 ብር ይላል። "ቲቸር፣ ቫቱ ሲወጣ ስንት ነው?" አለችኝ። ቀድማ ሞክራዋለች፦ የ1,380 15 ፐርሰንት 207፣ ሲቀነስ 1,173።

"እስቲ አሁን 1,173 ላይ ቫት ጨምሪበት" አልኳት። 1,348 ብር ከ95 ሳንቲም መጣ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ 1,380 ነው። ዝም ብላ አየችው። ቫት የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነዋ! እሱን ደግሞ ገና አላወቅነውም። ስለዚህ ስም እንስጠው። የግድ ኤክስ መሆን የለበትም፤ እኔ ዋጋውን "ዋ" ነው የምለው።

ዋ + 0.15ዋ = 1,380
1.15ዋ = 1,380
ዋ = 1,380 ÷ 1.15 = 1,200

ቫቱ 180 ብር ነው። 1,200 እና 180 ሲደመር 1,380፤ ልክ ገባ።

"ለ1.15 አካፍል" ብሎ ማስሸምደድ ግን አልወድም። ነገ ጥያቄው 20 ፐርሰንት ቅናሽ ተደርጎበት 960 ብር የተሸጠ ቦርሳ ሆኖ ሲመጣ ልጁ ግራ ይጋባል። መነሻውን ዋጋ "ዋ" ማለት የለመደ ልጅ ግን 0.8ዋ = 960 ብሎ 1,200 ላይ ይደርሳል።

ትንሽ የሚያስቸግረው የሬስቶራንት ሒሳብ ነው። ምግቡ ላይ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 ፐርሰንት ቫት ቢታሰብና ጠቅላላው 506 ብር ቢመጣ፣ የምግቡ ዋጋ ስንት ነው? ልጆቹ 10 እና 15ን ደምረው 25 ይላሉ። ቫቱ ግን ሰርቪሱንም ይነካል። ምግቡ "ዋ" ከሆነ፣ ከሰርቪስ ጋር 1.1ዋ ነው። ቫቱ ሲጨመር 1.15 × 1.1ዋ፣ ማለትም 1.265ዋ ይሆናል። ጭማሪው 26.5 ፐርሰንት ነው ማለት ነው። 506ን ለ1.265 ስናካፍል ምግቡ 400 ብር ሆኖ ይገኛል፤ ሰርቪሱ 40፣ ቫቱ 66።