ዜሮ ያሳየው መለኪያ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መስመር ላይ በነበረ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት በማቴሪያል ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ ከአፈርና ከጠጠር ምርመራው በተጨማሪ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊነቱም የእኔ ነበር። ኃላፊነቱን ያመጣብኝ የተጠቀጠቀ አፈር ምን ያህል እንደጠበቀ የምንለካበት ኒውክሌር ጌጅ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ በሁለት ዝናብ መካከል የምትገኝ ደረቅ ቀን ለመንገድ ሠራተኛ ውድ ናት። በሌላው ዘዴ፣ በሳንድ ኮን፣ ጉድጓድ ቆፍረን፣ አሸዋ አፍስሰን፣ አፈሩን በምድጃ አድርቀን ውጤት እስክናገኝ ድረስ የተጠቀጠቀው ንብርብር እንደገና ይረጥባል። ጌጁ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ንባቡን ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ ውስጡ ያለውን ነገር ግን ብዙው ሰው ይረሳዋል።

ውስጡ ያለው ሁለት የጨረራ ምንጭ ነው። ወደ አፈር በሚወርደው ዘንግ ጫፍ 0.3 ጊጋቤክሬል (ቤክሬል የጨረራ ምንጭ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ያህል ሲዚየም-137 ይገኛል፤ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚለካበት፣ ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለ 1.48 ጊጋቤክሬል አሜሪሲየም-241 አለ። ዘንጉ ወደ ላይ ተስቦ ሲቆለፍ የሲዚየሙ ጫፍ መከለያው ውስጥ ይገባል፣ ከሥሩም ተንሸራታች የተንግስተን ቁራጭ ይዘጋበታል። ዘንጉ ከታጠፈና ወደ ቦታው መመለስ ካልቻለ ግን ምንጩ ያለ መከለያ ሜዳ ላይ ይቀራል።

በዚያ ቀን የሆነውም ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በስተምዕራብ እየጠቆረ ሳለ፣ ወጣቱ ቴክኒሺያናችን ዘንጉን 15 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አውርዶ ቆጠራውን ካስጀመረ በኋላ፣ ከሰርቬየሩ ጋር ስለሚቀጥለው ነጥብ ለመነጋገር ጥቂት እርምጃ ይርቃል። ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው ሮለር የጌጁን ጎን ገጭቶ ጣለው። ኦፕሬተሩ ጩኸት ሰምቶ ባይቆም ኖሮ ከበሮው ሙሉ በሙሉ ይሄድበት ነበር። ጌጁ በጎኑ ተጋደመ፤ ዘንጉም ታጥፎ፣ ጫፉ ከአፈሩ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ።

ቴክኒሺያኑ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪያችን ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ሰርቬይ ሜትሩን አውጥተህ ለካህ?» አልኩት፤ በኬብል በተያያዘ ፕሮብ (መዳሰሻ) ጨረራ የሚለካውን መሣሪያ ማለቴ ነው።

«ለካሁ ጋሼ። አልሃምዱሊላህ፣ ዜሮ ነው። ምንም አልወጣም።»

«ከምን ያህል ርቀት ነው የለካኸው?»

«አጠገቡ ቆሜ ነው፤ ፕሮቡን እላዩ ላይ አድርጌ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ዜሮ የሚለውን ቃል እንደሰማሁ እኔም እፎይ ብዬ ነበር። እፎይታዬ ግን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አልቆየም፤ ትዝ ያለኝ በየማለዳው ጌጁን መኪና ላይ ስናስጭን የማየው ቢጫ ምልክት ነው። በማጓጓዣ ሣጥኑ ላይ በተለጠፈው በዚያ ምልክት 0.6 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ይህ ቁጥር ከሣጥኑ 1 ሜትር ርቆ የሚኖረውን ከፍተኛ የጨረራ መጠን የሚናገር ሲሆን፣ ወደምናውቀው መለኪያ ሲመለስ በሰዓት 6 ማይክሮሲቨርት ማለት ነው፤ ሲቨርት ሰው የሚወስደው የጨረራ መጠን የሚለካበት ነው። እንግዲህ ምንም ያልደረሰበት፣ ዘንጉ የተቆለፈ፣ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ጌጅ እንኳ ዜሮ አያስነብብም። ጌጁ ባይኖርም ከአፈሩ፣ ከድንጋዩና ከሰማይ የሚመጣው ተፈጥሯዊ ጨረራ ብቻውን በጅማው ግቢያችን በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ማይክሮሲቨርት ያስነብባል። ፕሮቡ ጌጁ ላይ ተይዞ ዜሮ ካለ የሞተው ሜትሩ ነው፤ ስለ ምንጩ ደግሞ እስካሁን ማንም የለካው ነገር የለም።

«አጠገቡ ሰው አለ?» አልኩት።

«ሜትሩ ዜሮ ነው ስላልኳቸው ሁሉም መጥተዋል። ፎርማኑ ዝናቡ ሳይመጣ ይነሣልን ብሎ አንዱ የቀን ሠራተኛ ሊያነሣው ነው።»

«አሁኑኑ አስቁመው! እጁን እንዳያሳርፍበት። ሁላችሁም ራቁ፤ ከ5 ሜትር ወዲህ ማንም አይግባ። ሮለሩም ባለበት ይቁም፣ ንቅንቅ እንዳይል።»

ሠራተኛው በዚያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ነበር። የታጠፈውን ዘንግ በጫፉ ይዞ ሊያቃናው አስቦ እንደነበር በኋላ ራሱ ነገረኝ።

ላቦራቶሪው ውስጥ የነበረውን ሁለተኛውን ሜትር ይዤ ወጣሁ። መቸኮሌ አይካድም፤ ቢሆንም ግቢው ውስጥ ቆሜ አበራሁት፣ ባትሪውን አየሁ፣ በጎኑ ወደተለጠፈችው አነስተኛ መፈተሻ ምንጭ ፕሮቡን አስጠግቼ መርፌው ለወትሮው የሚደርስበት ቦታ መድረሱን አረጋገጥኩ፣ ከዚያም ፕሮቡን አርቄ የግቢውን ንባብ ጠበቅኩ፤ 0.14 ነበር። በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩትና ሜትሩን ሳላጠፋ መኪና ውስጥ ገባሁ። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በሕይወቴ ከተጠቀምኩባቸው ደቂቃዎች ሁሉ እነዚያን ሦስቱን አብዝቼ አመሰግናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ቦታው ስደርስ የማነበውን ቁጥር ማመን እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

ከ20 ሜትር ጀምሬ ሜትሩን እያየሁ ቀስ ብዬ ቀረብኩ። 5 ሜትር ላይ ወደ 1 ማይክሮሲቨርት ቀረበ። 1 ሜትር ላይ 20 ገደማ ሆነ። ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር ገጠመ፦ 0.3 ጊጋቤክሬል የሆነ አዲስ የሲዚየም ምንጭ ያለ መከለያ በ1 ሜትር ርቀት በሰዓት 25 ማይክሮሲቨርት ያህል ይሰጣል፤ የሲዚየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ሲሆን የእኛ ምንጭ 10 ዓመት ስለሞላው አምስተኛው እጅ ያህል ቀንሷል። እንግዲህ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተጋልጧል ማለት ነው። ርቀት በአሥር እጅ ሲያጥር ጨረራው በመቶ እጅ ስለሚጨምር፣ ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በሰዓት 2 ሚሊሲቨርት (2,000 ማይክሮሲቨርት) ይሆናል፤ በዚያ ርቀት ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው ለማንኛውም የኅብረተሰብ አባል በዓመት የተፈቀደውን 1 ሚሊሲቨርት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ዘንጉን በጫፉ የያዘ እጅ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይደርሰዋል። ሰውን ወዲያው የሚገድል መጠን አልነበረም፤ ማጋነን አልፈልግም። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ምን እንደያዘ ሳይነገረው፣ በእኛ የተሳሳተ ቃል ተማምኖ አንድም ማይክሮሲቨርት ሊወስድ አይገባውም ነበር።

የአሸዋ ከረጢቶችን በረጅም እንጨት እየገፋን ምንጩን ከበብነው፤ በ1 ሜትር ላይ የነበረው ንባብ ወደ 2 ወረደ። የቀረውን ሥራ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መጥተው ጨረሱት። ምንጩ አለመፍሰሱን ለማወቅ በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደው ናሙናም ከ185 ቤክሬል ወሰን በታች ሆኖ ተገኘ። ስለ አሜሪሲየሙ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ እኛ የያዝናቸው ሁለቱም ሜትሮች ጋይገር ቱቦ (ጨረራ ሲያገኘው ምት የሚልክ ቱቦ) ያላቸው ስለሆኑ ከዚያ የሚወጣውን ኒውትሮን አይለኩም። የጌጁ ሆድ እንዳልተሰነጠቀ በዓይን አይተን ነው የተረጋጋነው፤ ሜትሩን ምስክር አድርገን አይደለም።

ምሽት ላይ የሞተውን ሜትር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ከቴክኒሺያኑ ጋር መረመርነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ወደ ምንጩ ከመቅረቡ በፊት ማዞሪያውን ባትሪ ወደሚለው ቦታ አዙሮ መርፌው ከመስመሩ በላይ መቆሙን አይቷል። የካሊብሬሽን ተለጣፊውንም፣ ማለትም የሜትሩ ትክክለኛነት የተረጋገጠበትን ቀን የሚያሳየውን፣ አይቷል፤ ጊዜው አላለፈም። ሁለቱም ፍተሻዎች የሚመለከቱት ግን የሜትሩን ሣጥን ብቻ ነው። የባትሪው ፍተሻ ኤሌክትሪክ መኖሩን ይናገራል እንጂ ያ ኤሌክትሪክ በኬብሉ አልፎ ፕሮቡ ውስጥ ካለው ቱቦ መድረሱን አይናገርም። ተለጣፊውም የሚመሰክረው ስለተለጠፈበት ቀን ነው።

ድምፅ ማውጫውን ከፍቼ ፕሮቡን መፈተሻ ምንጯ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዝም አለ። ኬብሉን ከፕሮቡ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ስጠመዝዘው በአንድ ጊዜ ጣጣጣጣ ብሎ ጮኸ፤ ትንሽ ስለቀው እንደገና ጸጥ አለ። ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። የላስቲክ ሽፋኑ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ሽፋኑን በምላጭ ስንገልጠው ግን መካከለኛው የመዳብ ሽቦ ተበጥሶ፣ ሁለቱ ጫፎች ፊትና ኋላ ሆነው ተገኙ። በዚህ አንድ ሽቦ ነው ለቱቦው የሚያስፈልገው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄደው፤ ቱቦው የሚልካቸው ምቶችም የሚመለሱት በዚሁ ነው። ሽቦው ሲበጠስ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል፤ «ተበላሽቻለሁ» የሚል ምልክት ግን አይሰጥም።

ሽቦውን የበጠስነው እኛው ነን። ከሥራ ስንመለስ ኬብሉን በሜትሩ እጀታ ላይ ጥብቅ አድርገን እየጠቀለልን፣ አንዳንዴም ሜትሩን በኬብሉ አንጠልጥለን እናስቀምጥ ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ከሽቦውም ይበልጥ የሚቆጨኝ እርሱ ነው። ከወራት በፊት የቀን ሠራተኞቹ የሜትሩን ጣ ጣ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ስለፈሩና ሥራ ጥለው ስለሸሹ፣ ድምፁ እንዲዘጋ የፈቀድኩት እኔ ነበርኩ። በደህና ቀን፣ ምንም ምንጭ በሌለበት ቦታ እንኳ ክብ ጠፍጣፋ ፕሮብ ያለው ሜትር በደቂቃ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይመታል። ያ ድምፅ ቢከፈት ኖሮ መጥፋቱን ልጁ ከመኪናው ሳይወርድ ያውቀው ነበር። ሠራተኞቹን ቁጭ አድርጎ ማስረዳት አንድ ከሰዓት ይፈጅ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ጣት የሚዘጋውን መንገድ መረጥኩ።

በማግስቱ አዲስ ኬብል ገጥመን፣ በመፈተሻ ምንጯ ላይ አረጋግጠን፣ ከምንጩ የወጣ ነገር እንዳልነካው ለማወቅ ከትናንት ጀምሮ ባለበት የቆመውን ሮለር ከበሮ መረመርን። ፕሮቡን ከብረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀን፣ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳንበልጥ፣ የፕሮቡ ስስ የማይካ ፊት በከበሮው ላይ በደረቀው ጭቃ እንዳይወጋ እየተጠነቀቅን ዞርነው። ንባቡ ከአካባቢው ንባብ አልተለየም፤ ሮለሩ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪያችን ሜትር ከግቢ ሲወጣ የመፈተሻ ምንጯ ንባብና የግቢው ንባብ በመዝገብ ላይ በቁጥር ይጻፋል። «ደህና ነው» ወይም «ዜሮ» ብሎ መጻፍ ቀርቷል፤ ዜሮ ያየ ሰው ሥራውን አቁሞ ሌላ ሜትር ይጠይቃል። ለቴክኒሺያኖቹ ሌላም ነገር አስረዳኋቸው፤ በእኛ ጌጅ ባይደርስም የቧንቧ ብየዳ በጨረራ በሚመረመርበት ሥራ ላይ ሊገጥማቸው ይችላልና። ጋይገር ቱቦ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለአፍታ አይቆጥርም፤ በጣም ብርቱ ጨረራ ውስጥ ሲገባ ምቶቹ ስለሚደራረቡበት፣ ከመጠን ያለፈ መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት በሌላቸው አንዳንድ የቆዩ ሜትሮች ላይ ንባቡ ከፍ ማለቱን ትቶ ወደ ታች ይመለሳል፣ ዜሮም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሜትር የሚበራው ከሩቅ ነው፣ ማዞሪያውም ከትልቁ ስኬል ይጀምራል፣ ወደ ምንጩ የሚኬደውም መርፌው ሲወጣ እየታየ ነው። ሲወጣ ቆይቶ በድንገት የወረደ መርፌ ያየ ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል።

የቀን ሠራተኛው በደመወዝ ቀን ወደ ላቦራቶሪው መጣ። ሊያነሣው የነበረው ምን እንደሆነ በደንብ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያ ሜትሩን አብርቼ ድምፁን ከፈትኩና ፕሮቡን በእጁ አስያዝኩት። ጣ... ጣ፣ ጣ... ጣ እያለ ሲመታ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ።

«ይህ ድምፅ ሁልጊዜ አለ?» አለኝ።

«የትም ብትሄድ አለ» አልኩት።

«ያን ቀን ግን አልነበረም» አለኝ፤ ፕሮቡንም ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።