ከሰሌዳው ወዲህ

የድርጅታችን ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሴት ፏፏቴ ሥር ቆማለች። እጆቿን ዘርግታለች፤ ውሃው ትከሻዋ ላይ ይወርዳል። ያቺ ፎቶ ስንት ጭቅጭቅ እንዳመጣች የምናውቀው ተራራው ላይ የምንውለው ነን።

ሥራዬ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ከተማ ውስጥ ማስጎብኘት ነው። ጠዋት ከዋይኪኪ ሆቴሎች እንግዳ በቫን እሰበስባለሁ፤ ከዚያ ወደ ማኖዋ ፏፏቴ በእግር። መንገዱ አጭር ነው፣ መሄጃው 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል። ግን ጭቃው አይጣል ነው። ሸለቆው ውስጥ በዓመት 4,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ በሉት። ጫፉ ላይ ከዚህ አትለፉ የሚል ሰሌዳ አለ። የእኛም ጉዞ እዚያ ያበቃል።

አንድ ቀን ከቨርጂኒያ የመጣ የሐበሻ ቤተሰብ ደረሰኝ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ትልልቅ ልጆች። ስሜን ሲሰሙ አባትየው አቀፉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሃዋይ ላይ በአማርኛ ማስጎብኘት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

መንገድ ላይ ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይሄ ባሕር ዛፍ አይደለም እንዴ?» ነው አልኳቸው። ከብት ሸለቆውን ግጦ አራቁቶት ነበር። የከተማው የውሃ ምንጭ እንዳይደርቅ ብለው ሃሮልድ ላየን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪና ሌሎችም ከውጭ የመጡ ዛፎችን በብዛት ተከሉበት። ላየን እዚሁ ጎን ያለውን የዕፅዋት ማዕከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። እትዬን የማረካቸው ደግሞ የቡናው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 እዚህ ሸለቆ ውስጥ ቡና ተተክሎ እንደነበር ስነግራቸው «የኛው ቡና እዚህ ድረስ መጣ?» ብለው ልጆቹን ጠሩ። እስከዚያ ድረስ ቀኑ ሸጋ ነበር።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ።

«ጋሼ፣ ከሰሌዳው አይለፉ» አልኩ።

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶዋን አሳዩኝ። «ይቺ ሴት የት ነው የቆመችው?»

ምን ልበላቸው? «እዚያ መቆም አይፈቀድም። ፎቶው ልክ አይደለም።»

«ታዲያ ድርጅትህ ዋሽቶኛል ማለት ነው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ጠጋ ብለው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ «አንተ እኮ የአገሬ ልጅ ነህ። ፈረንጅ ቢከለክለኝ ይገባኛል። ዞር በልልኝ፣ አላየህም በቃ» አሉኝ።

ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። የአገር ልጅነት የሰውን ሕይወት ቸል ማለት ነው እንዴ? እኔ እንደዚያ አላደግኩም። ሰፈራችን ውስጥ ወንዝ ሲሞላ ትልልቆቹ የማንንም ልጅ ጎትተው ነበር የሚያወጡት።

ፊታቸው ቆሜ ነገርኳቸው። ከ45 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ድንጋይ፣ የቡጢ ያህል እንኳ ቢሆን፣ ሰው ይገድላል። እዚሁ ኦዋሁ ደሴት ላይ ሴክረድ ፎልስ የሚባል ፏፏቴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በእናቶች ቀን ከላይ ገደሉ ተንዶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ውሃውም ቢሆን በአይጥና በአሳማ ሽንት የሚመጣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ሊኖርበት ይችላል። በሽታው በጭረት በኩል ይገባል፤ እግራቸው ላይ ደግሞ ጭረት አይቻለሁ።

«የእናቶች ቀን» ስል የእትዬ ፊት ተለወጠ። «ሰውዬ፣ ናማ ወዲህ!» አሉ። ጋሼ ጫማቸውን አጠለቁ። እስክንወርድ ድረስ አላናገሩኝም።

ድንጋይ አልወደቀም። ጎርፍም አልመጣም። ስለዚህ እኔ የሰው ደስታ ያበላሸሁ ግትር ሆኜ ቀረሁ። ማታ አንድ ኮከብ የተሰጠው አስተያየት ተለጠፈ፦ «አስጎብኚው ያስፈራራል።»

ማናጀሩ ጠራኝ። ለእንግዳው ገንዘቡን እንደመለሰ ነገረኝ። «ትንሽ ለስለስ ብትል ምናለበት?» አለ። እኔ ደግሞ ፎቶዋን ከስልኬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ይቺን አውርዱ፣ ማንንም አላስፈራራም አልኩት። ሰው የሚመዘገበው እሷን አይቶ ነው አለኝ። እንግዳው ሰሌዳውን ቢያልፍና ድንጋይ ቢመታው ማን ሊጠየቅ ነው? አስጎብኚው ነዋ! ፎቶውን የመረጠው ሰው ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ንግግሬን የምጀምረው ቫኑ ሳይንቀሳቀስ፣ ሆቴሉ በር ላይ ነው። ፏፏቴው ሥር አንገባም፣ ፎቶው ላይ ያለውን አትጠብቁ፣ ለዚያ ብሎ የመጣ ካለ አሁን መውረድ ይችላል እላለሁ። የሚወርድም አለ። ማናጀሩ ይህን አይወድም፤ ወንበር ባዶ ይሄዳል ይላል። ይሂድ። ላይ ስንደርስ ግን ጭቅጭቁ በጣም ቀንሷል፤ ሰው ቆሞ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችንም እንዲህ አድርጉ እያልኩ አሠለጥናለሁ።

ፎቶዋ አሁንም አልወረደችም። በየስብሰባው አነሳታለሁ፤ እስክትወርድም አልተውም።