ልጓም ያልነበረው ቱቦ

ጎንደር ውስጥ ለስሜን ተራራ ተጓዦች ዕቃ በሚያከራይ አንድ ድርጅት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ድንኳን እቆጥራለሁ፣ የመኝታ ከረጢት አናፍሳለሁ፣ የተቀደደ ቦርሳ እጠግናለሁ። ሰው ሲያጥር ደግሞ ረዳት ሆኜ አብሬ እወጣለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዕቃ የሚያዘጋጅ ሰው ካነበበው ብዬ ነው።

ከምናከራየው ዕቃ ውስጥ ውሃ መያዣ ያላቸው የጀርባ ቦርሳዎች ነበሩ። ላላያችሁት፣ ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ከረጢት ከጀርባ በኩል ቦርሳው ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ቱቦ ይወጣና በትከሻ ላይ ዞሮ ወደ ፊት ይመጣል። ጫፉ ላይ በጥርስ ጫን ሲሉት ብቻ የሚከፈት የጎማ መንከሻ አለ። ሰው ሳይቆም፣ ቦርሳ ሳያወርድ ይጠጣል። ቱቦው እንዳይወዛወዝ ማንገቻው ላይ የሚይዘው አንድ ክሊፕ አለ። አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ ናት።

የዚያን ጊዜ አንዱ ቦርሳ ላይ ክሊፗ ተሰብራ ነበር። አይቻታለሁ። ማታ ነው፣ መኪናው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ደባርቅ ይነሳል፣ ገና ያልታሸገ ምግብ አለ። ቱቦውን ማንገቻው ሥር ወሸቅ አደረግኩትና አለፍኩ። ውሃ አያፈስም፣ መንከሻው ደህና ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ።

በማግስቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደባርቅ ገባን፣ መግቢያ ከፍለን፣ ጠብመንጃ የያዘውን የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውታችንን፣ ተቀብለን ሳንቃበር የሚባለው ሰፈር አደርን። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ቀጣዩ ማደሪያ ወደ ግጭ ጉዞ ጀመርን። እንግዶቹ ከዋናው ጋይድና ከስካውቱ ጋር ቀደሙ። እኔና ምግብ አብሳዩ ድንኳን ነቅለን፣ ባለ በቅሎዎቹ ጭነት አስረው ከኋላ ተከተልን።

ያንን መንገድ የሄደ ያውቀዋል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል የአስታ ዛፍ። የአስታው ቅርንጫፍ ዝቅ ይላል፣ ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠልበታል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። የተሰበረችው ክሊፕ የነበረችበትን ቦርሳ የያዙት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ፈረንጅ ሴትዮ ነበሩ። ጎበዝ መንገደኛ ናቸው፣ ከልጆቹ እኩል ነው የሚራመዱት።

ማታ ግጭ ስንደርስ ግን ሴትዮዋ ድንኳናቸው ውስጥ ተኝተዋል። ራሴን አመመኝ፣ ያጥወለውለኛል አሉ። ሾርባ ቢቀርብላቸው እንቢ አሉ። ግጭ 3,600 ሜትር ነው፣ ዋናው ጋይዳችን ወዲያው የከፍታ በሽታ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ልክ ነው መስጋቱ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፣ ከባሰ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው። ስካውቱን ጠርቶ የትኛው መንገድ ይሻላል ብሎ መማከር ጀመረ። ጨለማ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

እሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለ አንደኛው ባለ በቅሎ፣ አዛውንቱ፣ ከጋቢያቸው ሥር ካለው ኪሳቸው አንዲት ሰማያዊ ነገር አወጡ።

«ልጄ፣ ይቺ የማን ናት? አስታው ላይ ተንጠልጥላ ነው ያገኘኋት።»

መንከሻዋ ነበረች። እጄ ላይ ሳያት ሆዴ ተላወሰ።

ሄጄ ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው። እንደጠረጠርኩት ነው። ጎንበስ ብለው ሲያልፉ የተንጠለጠለው ቱቦ ቅርንጫፍ ያዘው። ሳብ አድርጎ ወደ ገደሉ በኩል አንገዳገዳቸው፣ ስካውቱ ክንዳቸውን ያዘ፣ ተሳሳቁና አለፉ። መንከሻዋ ግን እዚያው ቀረች። ወገባቸውና ሱሪያቸው ሲርስ ላብ መሰላቸው። ሊጠጡ ሲሉ ከረጢቱ ባዶ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አልዞረም ማለት ይቻላል። ለምን አልነገሩንም ስላቸው፣ የተከራየሁትን ዕቃ የሰበርኩ መስሎኝ አፈርኩ አሉኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እሳቸው ምንም አልሰበሩም።

ውሃው ሙሉ በሙሉ እንዴት አለቀ ለሚል፣ ከበርሜል በጎማ ውሃ ስንቀዳ እንደምናደርገው ነው። አንዴ ቱቦው ውሃ ከሞላና ጫፉ ከከረጢቱ በታች ከተንጠለጠለ፣ ማንም ሳይስበው እስኪያልቅ ይወርዳል። ቱቦው ትከሻ ላይ ተይዞ ቢሆን መጀመሪያም ቅርንጫፍ አያገኘውም። መንከሻው ቢወልቅ እንኳ ጫፉ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ውሃው ከጫፉ ከፍታ ጋር ሲስተካከል መፍሰሱን ያቆማል። ክሊፗ የምትሠራው ሥራ ይኼ ነው።

ጥማትና የከፍታ በሽታ ደግሞ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ራስ ያዞራሉ። የትኛው እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። የሆነ ሆኖ ለብ ያለ ውሃ በስኳርና በቁንጥጫ ጨው በትንሽ በትንሹ ሰጠናቸው፣ ጋይዱ በየሰዓቱ እየተነሳ አያቸው። ሊነጋጋ ሲል ሾርባ ጠየቁ። ያን ቀን ግጭ እንዲያርፉ ተደረገ፣ 3,926 ሜትር ወደሚደርሰው ጫፍ፣ ወደ እሜት ጎጎ፣ የወጡት በማግስቱ ነው።

በእረፍቱ ቀን አዛውንቱ ቦርሳውን አምጣው አሉኝ። አመጣሁ። ቱቦውን በጣታቸው አንስተው ለቀቁት፣ ተወዛወዘ።

«ይኼ ልጓም ነው እኮ» አሉ። «በቅሎ ልጓሟ መሬት ለመሬት ከተጎተተ ትረግጠዋለች፣ ከረገጠችው ትወድቃለች። ምነው ሳታስረው ሰደድከው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ» አልኳቸው።

ከጭነቱ ገመድ አንዲት ስስ ጠፍር ፈቱና በጥርሳቸው ለሁለት ቆረጧት። አንዷን ትከሻ አናት ላይ፣ ሌላዋን ደረት አካባቢ አሰሩ። ሲያስሩ እያየሁ ነበር፣ ቱቦውን አላነቁትም። መጀመሪያ ማንገቻውን ጠምጥመው ቋጠሩ፣ ከዚያ ለቱቦው ብቻ ላላ ያለ ቀለበት ሠሩ፣ እንዲንሸራተት። ከደረቱ ቋጠሮ እስከ ጫፉ አንድ ስንዝር ተዉ። አፍ ይደርሳል፣ ቅርንጫፍ ግን አያገኘውም። መንከሻዋን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ መልሼ ሰካኋት።

ጎንደር እንደተመለስኩ ያሉትን ቦርሳዎች ሁሉ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁ። የሦስቱ ክሊፕ ላልቷል። አራዳ ገበያ አካባቢ ወደሚሠራ ጫማ ሰፊ ሄጄ ጠፍሩን አሳየሁትና ከቆዳ ቁራጭ ጠቅ የሚል ቁልፍ ያላቸው መያዣዎች ሠራልን፣ ለአንድ ቦርሳ ሁለት ሁለት። የመጀመሪያው ጠበብ ብሎ ቱቦውን ስለቆነጠጠው ውሃ አላሳልፍ አለ፣ ሰፋ አደረገው። ክሊፕ ስትገዙም ይህን እዩ፣ ማንገቻውን ጥብቅ፣ ቱቦውን ላላ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። በማግኔት የሚጣበቁም አሉ፣ ለአንድ እጅ ይመቻሉ፣ ግን ኮምፓስ ያሳስታሉ፣ የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ደረት ላይ ደግሞ መቀመጥ የለባቸውም።

ሌላው የለመድኩት ነገር፣ እንግዳው ጃኬቱን እንደለበሰ ቦርሳውን አስታጥቀዋለሁ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንዲዞር፣ እንዲያጎነብስ አደርጋለሁ። ካጎነበሰ በኋላ ቱቦው ከደረቱ ከራቀ እንደገና አስራለሁ። ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ በቱቦው ወደ ውስጥ እፍ እንዲል እነግረዋለሁ፣ ምክንያቱም ስሜን ላይ ንጋት ላይ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ዕቃ ቢሰበር ደግሞ ወዲያው ንገሩኝ፣ ማንም አይጠይቃችሁም እላለሁ። ይህችን ሳልናገር መኪና አላስነሳም።

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር አለ። ካሜልባክ የሚባለው ቦርሳ የተጀመረው በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ በከባድ ሙቀት በሚደረግ የብስክሌት ግልቢያ ላይ ነው። ማይክል ኤድሰን የሚባል የአምቡላንስ ሠራተኛ የግሉኮስ መስጫ ከረጢት ውሃ ሞልቶ ካልሲ ውስጥ ከተተና ጀርባው ላይ አያያዘው። ቱቦውን በትከሻው አሳልፎ የያዘው በልብስ መቆንጠጫ ነው። ገና ቦርሳው ራሱ ሳይኖር መያዣው ነበረ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ አዛውንቱን ደባርቅ አገኘኋቸው። ሁለቱን የጠፍር ቁራጮች አጥቤና ቅባት ቀብቼ ይዤላቸው ነበር። ተቀበሉኝ፣ ሳብ ሳብ አድርገው ፈተሿቸው፣ ቀጥለው አንድ ላይ ቋጠሩና በቅሏቸው ጭነት ላይ መልሰው አሰሯቸው።