እማዬን ይዞ ቺካጎን መጎብኘት

ቺካጎን የመረጠልን አየር መንገዱ ነው ማለት ይቻላል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሁልጊዜ የምታርፈው ዋሽንግተን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፕሮግራሟ የታወቀ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን፣ የዘመድ ቤት፣ የሐበሻ ሱቅ፣ እንደገና ቤተ ክርስቲያን። "አሜሪካ አሜሪካ የምትሉት ይሄንን ነው እንዴ? ከሰፈሬ በምን ተለየ?" አለችኝ ባለፈው። ምን ልመልስላት? የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) መንገድ ላይ አንዴ እያረፈ ቺካጎ ይገባል። ዘንድሮ ትኬቷን በዚያ በኩል ቆረጥንና እኔ ቀድሜ ሄጄ ተቀበልኳት። መጀመሪያ ቺካጎ፣ ዘመድ በኋላ።

ዕቅድ ማውጣት የጀመርኩት ሁሉም ሰው እንደሚጀምረው ነው። "ቺካጎ ሄዳችሁ ሳታዩ እንዳትመለሱ" የሚል ዝርዝር ከፈትኩ። ፎቆች፣ ሙዚየሞች፣ አኳሪየም፣ ፒዛ፣ ጃዝ። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ጉልበቷን የሚያማት እናት እንደሌለችው ያስታውቃል። እማዬ ደረጃ አይሆንላትም፣ ብዙ መቆምም አትችልም። በዚያ ላይ ጾም አትገድፍም። ዝርዝሩን በጉልበቷና በጾሟ ሳጣራው ግማሹ ወደቀ። የቀረው ግማሽ ከበቂ በላይ ነበር። እንዲያውም የወደቀው ባይወድቅ ኖሮ ምን ያህል እንሯሯጥ እንደነበር ሳስበው ይደክመኛል።

ቀኑን መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። ቺካጎ በብርድ ወራት ለእናት አትሆንም። ከሚሺጋን ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ ጃኬት አያቆመውም። ሰመር ላይ መሄድ ግድ ነው። ሰመር ውስጥ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 22። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ያዝን። ከተማዋ ገና ሞቃት ናት፣ ጀልባዎቹ ይሠራሉ፣ እማዬም ፒዛ መቅመስ ትችላለች፤ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር። የሥዕል ሙዚየሙ አርት ኢንስቲትዩት ደግሞ እኛ ባቀድንበት ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነበር። ረቡዕ ሥዕልም የለም፣ አይብም የለም። ስለዚህ ረቡዕን ለወንዙ ሰጠሁት።

ሆቴል ስትፈልጉ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ዋጋ አትመኑት። የቺካጎ የሆቴል ታክስ ብቻውን ከ17 በመቶ በላይ ነው። አንዱ ሆቴልማ በዚያ ላይ በየቀኑ የሚቆረጥ "የአገልግሎት ክፍያ" አለብሽ አለኝ። የምን አገልግሎት ነው ብዬ ደውዬ ብጠይቅ፣ ጂም አለን አሉኝ። እማዬና ጂም! ትቼው ሌላ ያዝኩ። መኪናም አትከራዩ። መሃል ከተማ የሆቴል ፓርኪንግ ለአንድ ሌሊት 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፣ መኪናዋ ደግሞ ቆማ ነው የምትውለው።

ባቡሩ ይበቃል። መሃል ከተማውን በብረት ድልድይ ላይ፣ ከመንገዱ በላይ እየተንጓጓ ይዞረዋል። ዙሪያው ከ1897 ጀምሮ እንዲሁ አለ። ሉፕ ይሉታል። ችግሩ ጣቢያዎቹም እንደ ዕድሜያቸው ናቸው፤ ሁሉም ሊፍት የላቸውም። የባቡሩን ካርታ አትሜ የዊልቸር ምልክት ያለባቸውን ጣቢያዎች ብቻ በእስክሪብቶ አከበብኩ። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ራሱን በራሱ ሠራ። በ2017 የተከፈተው የዋሽንግተን ዋባሽ ጣቢያ ሊፍት አለው፣ ሚሌኒየም ፓርክም አጠገቡ ነው፤ ሆቴሉን እዚያው ሰፈር ያዝኩ። ከኦሄር አየር ማረፊያ መሃል ከተማ የሚገባው ሰማያዊው መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ርካሽም ነው። እኛ ግን በታክሲ ገባን። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ሽሮና በርበሬ ይዞ ባቡር አይታሰብም።

የመጀመሪያውን ቀን ባዶ አደረግኩት። ያን ያህል በርሮ የመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲመሻሽ ብቻ ሚሌኒየም ፓርክ ወጣ አልን። የቀራፂው የአኒሽ ካፑር ትልቁ የብረት መስታወት እዚያ ነው። ከ168 የብረት ሳህን ተበይዶ የተሠራ ነው፣ ብየዳው ግን እጅ ቢዳስሰውም አይገኝም። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን ደግኖ ፎቶ ያነሳል። እማዬ ቀረብ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችበትና "እሺ፣ ቀጥሎስ?" አለች። ቀጥሎ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ካልቸራል ሴንተር ነው። በ1897 ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተሠራ፤ ዛሬ መግቢያው ነጻ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ከ30 ሺህ ገደማ የመስታወት ቁራጭ የተሠራ የቲፋኒ ጉልላት አለ። በሊፍት ወጥተን ከሥሩ ተቀመጥን። ስለ ቺካጎ ሲወራ ይህ ቦታ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ነጻ ስለሆነ ይሆናል።

ረቡዕ ወንዙ። ቺካጎ ሄዳችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ለዚህ ክፈሉ። የቺካጎ አርክቴክቸር ሴንተር ጀልባ 90 ደቂቃ ይወስዳል። የሚያስጎበኙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሥራቸውን ሲወዱት ያስታውቃሉ። ደረጃ የሌለበት መግቢያ በየት በኩል እንደሆነ ቀድሜ ደውዬ ጠይቄ ነበር። እማዬ ተቀምጣ ከተማው በፊቷ ያልፋል። ለጉልበት ከዚህ የተሻለ ጉብኝት የለም።

ጀልባው የሚነሳው ሚሺጋን ጎዳና ላይ ካለው ድልድይ ሥር ነው። ድልድዩ የተሰየመው በዣን ባፕቲስት ፖይንት ዱሳብል ስም ነው። በ1780ዎቹ እዚህ ወንዝ አፍ ላይ ቤት ሠርቶ ይነግድ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። የከተማዋ መሥራች የሚባለውም እሱ ነው። "ጥቁር ነው የመሠረታት?" አለች እማዬ። አዎ ስላት ዞር ብላ ድልድዩን እንደገና አየችው።

ከዚያ የእሳቱ ታሪክ መጣ። በኦክቶበር 1871 የተነሳው እሳት 300 ያህል ሰው ገደለ፣ 100 ሺህ ያህሉን ያለ ቤት አስቀረ። ሥራው ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ስለተጀመረ ነው ከተማዋ የፎቅ መሞከሪያ የሆነችው። እሳቱን ያስነሳችው የወይዘሮ ኦሊሪ ላም ናት፣ ፋኖሱን በእግሯ መትታ፣ ተብሎ ስንት ዘመን ተወራ። በ1997 የከተማው ምክር ቤት ሴትየዋንም ላሟንም ነጻ አወጣቸው። እማዬ ቤት ድሮ ላም ነበር። "ከመቶ ዓመት በኋላ?" አለች ተናድዳ።

የወንዙ ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ድሮ የቺካጎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ነበር የሚፈሰው። የከተማው ፍሳሽ ወደ ወንዙ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ፣ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ። ሕዝቡ በበሽታ አለቀ። መሐንዲሶቹ ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ ቆፈሩና በ1900 ወንዙን ወደ ኋላ አዞሩት። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ቦዩን ዝቅ አድርጎ መቆፈር በቂ ነበር። ዛሬ ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ በቦዩ አድርጎ በመጨረሻ ሚሲሲፒ ይገባል።

"ወንዝ ወደ ኋላ?"

"አዎ እማዬ።"

"ታች ያሉት ሰዎች ምን አሉ ታዲያ? ቆሻሻው ወደ እነሱ ሲመጣ?"

እውነትም ታች ያሉት ዝም አላሉም። የሚዙሪ ግዛት ኢሊኖይን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ከስሳ ነበር፣ ተረታች እንጂ። እማዬ የመሐንዲሶቹን ብልሃት ሳይሆን የሚዙሪን ጉዳይ ነው የያዘችው። ቀሪውን መንገድ ስለ ፍርዱ ጠየቀችኝ።

ማሪና ሲቲ የሚባሉት ሁለት ክብ ፎቆች ወንዙ ዳር ቆመዋል። ልክ የበቆሎ እሸት ናቸው፣ ቅርፊቱ የተላጠ። የታችኞቹ 19 ፎቆች ፓርኪንግ ናቸው፣ መኪኖቹም በቂጣቸው ወደ ወንዙ ዞረው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። እማዬ ቀና ብላ አይታ አማተበች። "ሪቨርስ ቢሳሳትስ?" ዊሊስ ታወርንም ያየነው ከዚያው ከጀልባው ነው። 442 ሜትር ነው፣ እስከ 1998 በዓለም አንደኛ ነበር። አወቃቀሩን ያሰበው ዳካ የተወለደው መሐንዲስ ፋዝሉር ካን ነው። ላዩ ላይ የመስታወት ወለል አለ፣ ሰው ከፍሎ ይቆምበታል። "ከታች ይታየኛል" አለች። የሁለት ሰው መግቢያ ተረፈ።

ስንወርድ ትሪቢዩን ታወር አጠገብ ትንሽ ቆየን። የግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ ከዓለም የተለቀሙ ድንጋዮች ተለጥፈዋል። ከግብፅ ፒራሚድ፣ ከታጅ ማሃል፣ ከቻይና ግንብ። ከእያንዳንዱ ሥር የመጣበት ተቀርጿል። እማዬ በጣቷ እየዳሰሰች የአክሱምን ፈለገች። እኛ በዞርንበት በኩል አላየንም። "ጥሩ፣ አልሰጠንም ማለት ነው" ብላ ተረጋጋች።

ሐሙስ ፊልድ ሙዚየም። ቁጥር 146 አውቶብስ በሩ ድረስ ይወስዳል። ሾፌሩ እማዬን ሲያይ አንድ ነገር ነካ፣ አውቶብሱ እስስ ብሎ በእሷ በኩል ጎንበስ አለላት። ይህን ሞባይሏ ላይ ቀርጻ ለአክስቴ ልካላታለች። ሙዚየሙ ሰፊ ነው፣ በሩ ላይ ዊልቸር ጠይቃችሁ ያዙ። ሱ የተባለችው የዳይኖሰር አፅም፣ በኬንያ ጻቮ የባቡር ሠራተኞችን ይበሉ የነበሩት ሁለቱ አንበሶች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። አንበሶቹ ወንድ ሆነው ጎፈር የላቸውም። እማዬ አላመነችም።

እኔ ወደዚህ ሙዚየም የሄድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ይኸው ሙዚየም በ1926 እና 1927 ኢትዮጵያ ተጓዦች ልኮ ነበር። አብሯቸው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ የሚባል የወፍ ሠዓሊ ነበረ። አገራችን ላይ የሠራቸው የወፍ ሥዕሎች ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጦቹ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። አሜሪካ በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ ነሐሴ 1927፣ ሥዕሎቹን ለወዳጁ አሳይቶ ሲመለስ መኪናውን ባቡር ገጨው። እሱ ሞተ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ወጥተው ሳይነኩ ተገኙ። ለእማዬ ይህን የነገርኳት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ሥዕሎቹ ያን ቀን ለዕይታ አልነበሩም። "ነፍስ ይማር" አለችና ስንት ልጆች እንደነበሩት ጠየቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ግራንት ፓርክ። በ1927 የተሠራው የበኪንግሃም ፏፏቴ በየሰዓቱ ውሃውን ወደ ላይ ይለቃል፣ እስኪለቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከፏፏቴው ወረድ ሲባል ኮሎምበስ ድራይቭ አለ። ተራ አስፋልት ነው። ለእኔ ግን ከፎቁ ሁሉ ይበልጥብኛል፣ የቺካጎ ማራቶን የሚያልቀው እዚያ ነው። በ2007 ሙቀቱ 30 ዲግሪ አልፎ ውድድሩ መሃል ላይ እንዲቆም የተደረገበት ዓመት ነበር። ሩማንያዊቷ አድሪያና ፒርቴያ ያሸነፈች መስሏት ለተመልካቹ እጇን ታውለበልባለች። ብርሃኔ አደሬ በመንገዱ በሌላኛው ጠርዝ መጣች፣ ሳትታይ። በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። በ2012 ደግሞ ፀጋዬ ከበደና አፀደ ባይሳ በአንድ ቀን ወንዱንም ሴቱንም ወሰዱት።

እማዬ ለሩጫ ሟች ናት። አስፋልቱ ዳር ቆመን "በየት በኩል ነው የመጣችው?" አለች። በስልኬ ቪዲዮውን ፈልጌ አሳየኋት። ስልኩንና መንገዱን እያመሳሰለች ፒርቴያን ስታይ "ወይኔ ልጄ፣ ወደ ኋላሽ እዪ እንጂ!" ብላ ጮኸች። የሚሮጥ ሰውዬ ደንግጦ ዞረ። ብርሃኔ ስታልፋት ደግሞ እልል አለች። ጉልበቷን ያመማት አልመሰለኝም፣ ቪዲዮውን እንደገና ክፈቺው አለችኝ።

ማታ ፒዛ። ዲፕ ዲሽ የሚባለው ወፍራሙ የቺካጎ ፒዛ ለመጋገር 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ እዘዙ። አንድ ቁራጭ ለአንድ ሰው ይበቃል። እማዬ ግማሹን በልታ "ዳቦው በዛ" አለች። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም።

ዓርብ በቀይ መስመር ግራንቪል ጣቢያ ወረድን፣ ሊፍት አለው። ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ቺካጎ ውስጥ የእኛ ሰው በዋናነት የሰፈረው በዚህ በሰሜኑ በኩል ነው፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበሩም ከ1984 ጀምሮ አለ። የጾም በያይነቱ አዘዝን። አስተናጋጇ "እናቴ፣ ከየት መጡ?" አለቻት። እማዬ የሰፈሯን ስም ስትነግራት ልጅቷ ከዚያው ሰፈር ሆና ተገኘች። ቡናው ተፈላ፣ እስከ ሦስተኛው ተጠጣ። አርት ኢንስቲትዩትን ለዚያ ከሰዓት ነበር ያቀድኩት። ቀረ።

ሜሪላንድ ስንገባ ቤቱ ሰው ሞልቶ ጠበቀን። አጎቴ ፎቁን አየሽው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ወንዙን ነገረችው። "ወንዝ እንዴት ብሎ ነው ወደ ኋላ የሚፈሰው?" አለ። እማዬ ከሚዙሪ ክስ ጀመረችለት።