ቦርሳዬ ባልዲ የሆነ ዕለት

አዲስ ዕቃ ስገዛ አፌ አያርፍም። ያኔም እንደዚያው ነበር። ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ ውሃ የማያስገባ የጀርባ ቦርሳ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሰው አሰለቸሁ። በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ አሳያለሁ። ላዩ ላይ ውሃ አፍስሼ ጠብታው እንደ ዶቃ ሲንከባለል «እዩልኝ» እላለሁ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን «በቃ ለቦርሳው ደመወዝ ይቆረጥለት» አለችና ሁሉም ሳቀ።

ጨርቁ ግን የእውነት ጉራ ይገባዋል፤ ያን አልክድም። ክሩ ዳይኔማ የሚባለው ነው። ከፖሊኢትሊን ነው የሚሠራው፣ የፌስታል ዘመድ በሉት፤ ሞለኪውሎቹ ግን እጅግ ረጃጅም ሆነው ባንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ክብደት ለክብደት ሲወዳደር ብረትን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፣ ሲርስም ይረግባል። ይሄኛው አይመጥጥም፣ እንዲያውም ክሩ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቀለል ያለው ዓይነት ጭራሽ አይሸመንም፤ ክሮቹ በስስ የፖሊስተር ፊልም መሃል ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት። ነገሩ የመጣው ከጀልባ ሸራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ካፕ የሚባለውን የጀልባ ውድድር ያሸነፈችው ጀልባ «አሜሪካ ኪዩብድ» ትባል ስለነበር ጨርቁም «ኪዩበን ፋይበር» ተብሎ ቆየ። ፊልሙ ሲፈገፈግ ቶሎ ስለሚጎዳ በየቀኑ ለሚያዝ ቦርሳ ላዩ ላይ የተሸመነ ፖሊስተር ይደረብበታል፤ የእኔም እንደዚያ ነው። ይህን ሁሉ ለባልደረቦቼ ተርኬላቸዋለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ዶፍ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ለደንበኛ ገለጻ አለብኝ፤ ስላይዱ ያለው ላፕቶፔ ውስጥ ነው፣ ሌላ የትም የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ዝናብ ውስጥ ተጉዤ ደረስኩ። አብሮኝ ገለጻውን የሚያቀርበው ልጅ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሮ፣ አሮጌ የሸራ ቦርሳው ከወንበሩ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አርሶታል። ወረቀቶቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እኔም አላለፍኩትም። «ቦርሳ መግዛት አለብህ» አልኩት። ወይ አለመተው።

የቦርሳዬን አፍ ፈታሁት። ዚፕ የለውም፤ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ነው የሚዘጋው። ይሄም ሌላው የምኮራበት ነገር ነበር፣ ምክንያቱም ጨርቁ ውሃ አያስገባም ማለት ቦርሳው አያስገባም ማለት አይደለም፤ መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ ካልታሸገ ያፈሳል፣ አብዛኛው «ውሃ የማያስገባ» የሚባል ዚፕም ፍንጣቂ ቢከላከል ነው። የእኔ ስፌቱም የታሸገ ነው። እጄን ሰደድኩ።

እጄ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ።

ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሻጩ አታለለኝ የሚል ነው። ቀጥሎ ኮዳዬን አየሁት፣ ባዶውን ተጋድሟል። ክዳኑን ቸኩዬ አጣምሜ ነው የገጠምኩት። ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ሙሉውን ተገልብጦ ላፕቶፔ ሦስት ጣት ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የመጣው። ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። የልጁ አሮጌ ሸራ ቢሆን ኖሮ ውሃው ገና ከቤት ሳልርቅ ጀርባዬን አርሶ ያስጮኸኝ ነበር። የእኔው ጉድ ግን ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ውሃ አያሳልፍም ተባለ፣ አላሳለፈም። ከየት ወዴት እንደሆነ እኮ የነገረው የለም። መታጠቢያ ቤት ወስጄ አዘንብዬ ስደፋው እንደ ባልዲ ተንዶለዶለ።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ደንግጬ ላፕቶፑን አበራሁት። ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ደስ ልል ስል ድርግም። የአይቲው ልጅ መጥቶ ገና ሳልነግረው ገባው። «ማን አብራ አለህ?» አለኝ። ገልብጦ በትንሿ ብሎን መፍቻ ከፈተውና በመጀመሪያ የነቀለው ባትሪውን ነው። ውሃው ብቻውን ቢሆን አድርቀን ልናተርፈው እንችል ነበር አለኝ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ነው የሚያቃጥለው። ዳታው ያለበት ዲስክ ተረፈ። ቦርዱ አልተረፈም። ሩዝ ውስጥ ብንቀብረውስ ያለ ሰው ነበር፤ የአይቲው ልጅ ያየው አስተያየት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

ገለጻውን ያቀረብነው ልጁ ከዘረጋቸው እርጥብ ወረቀቶች ነው። ካለፈው ሳምንት ረቂቅ ላይ ያተማቸው ናቸው፣ ዳር ዳራቸው ተሸብሽቧል፣ ሁለት ገጽ ተጣብቆ በጥፍሬ እየለየሁ አነበብኩ። ልጁ ስለ ቦርሳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳውን አልጣልኩትም፤ ምን በደለ። ጎኑ ላይ የመረብ ኪስ አለው፣ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ያለችው። ስገዛው የስፌት ጉድለት መስሎኝ ላስደፍናት ነበር፤ ለካ የፈሰሰው እንዲወጣባት ነው። ኮዳ አሁን እዚያ ነው የሚውለው፣ እሱም ክዳኑን ገጥሜ መታጠቢያው ላይ ገልብጬ አለማፍሰሱን ካየሁ በኋላ። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ በራሱ ከረጢት ታስሮ ከቦርሳው ወለል ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ስላይድ ሌላ ቦታም ይቀመጣል።

የወሩ መጨረሻ ላይ አለቃዬ የላፕቶፑን ወጪ ግማሽ መሥሪያ ቤቱ እንደሚችለው፣ ግማሹ ግን የእኔ እንደሆነ ነገረኝ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን እንድፈርም ስትሰጠኝ ፊቷ ላይ ሳቅ ታፍኗል።

«ብዬህ ነበር» አለችኝ፣ «ይኸው ተቆረጠለት።»