ለ0.03 ሰከንድ ስል

ታናሽ ወንድሜ ማታ ላፕቶፑን ሲመልስልኝ ምንም አላለም። ፈገግ ብሎ ወደ መኝታው ሄደ። ስከፍተው ገባኝ። የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ላይ ሳምንት ሙሉ የለፋሁባትን መንገድ በ0.03 ሰከንድ በልጦኛል። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳን ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጨዋታው ትራክማኒያ ኔሽንስ ፎርኤቨር ነው። ናዴዮ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ የለቀቀው። የእኔ ላፕቶፕ ዩቲዩብ ሲከፈትበት የሚያቃስት አሮጌ ነው፤ ይሄን ግን ያለ ችግር ያጫውታል። መጀመሪያ የጫንኩትም ሌላ የሚሠራልኝ ጨዋታ ስላጣሁ ነው።

ደግሞ ባዶ ነገር ነው። ታሪክ የለውም። ገንዘብ አጠራቅመህ የምትገዛው ሞተር የለም። ኦንላይን ከሰው ጋር ስትነዳ እንኳን የሌላው መኪና በውስጥህ ያልፋል እንጂ አይገጭህም። ሁሉም ሰው ያው አንድ መኪና፣ ያው መንገድ፣ ከላዩ የሚቆጥር ሰዓት። ኪቦርዱ ላይ አራት ቀስቶች ትጫናለህ። ከተበላሸብህ ዲሊትን ትነካለህ፣ ወዲያው መነሻው ላይ ነህ። በሁለተኛው ቀን ይሰለቸኛል ብዬ ነበር።

አልሰለቸኝም። 65 መንገዶች አሉ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ከወርቅ በላይ ደግሞ የናዴዮ ሜዳሊያ። የመጀመሪያዎቹን ወርቆች በቀላሉ ሰበሰብኩና ራሴን ሹፌር አደረግኩ። ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ የማትሞላ አንዲት አጭር መንገድ ያዘችኝ።

ትልቁ ጥፋቴ ዲሊት ነበር። መነሻው ላይ ትንሽ ከተዛነፍኩ እነካታለሁ። ሁለተኛው መታጠፊያ ካላማረኝ እነካታለሁ። አንድ ማታ ወረቀት ላይ ምልክት እያደረግኩ ቆጠርኩ፤ አርባ ጊዜ ተነስቼ መጨረሻ የደረስኩት ስድስቴ ብቻ ነው። ለካ መነሻውን አርባ ጊዜ ሳጠና የመጨረሻውን መታጠፊያ ስድስት ጊዜ ነው ያየሁት! ጥሩ ጅማሬ ባገኘሁ ቁጥር እዚያ ስደርስ እጄ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ቢበላሽም ባይበላሽም መጨረስ ጀመርኩ። ያበሳጫል። ግን ይሠራል።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጠኝ የወንድሜ ጥላ ነው። ጎስት ይሉታል፦ የሌላውን ሰው ሩጫ ትጭናለህ፣ መኪናው እንደ መንፈስ ከጎንህ ይነዳል። አሥር ጊዜ ያህል ተከተልኩት። ቀጥታው ላይ እኩል ነን። መታጠፊያው ላይ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፤ እሱ ቀደም ብሎ ወደ ውጪ ይሰፋል፣ ጋዙን ለቅጽበት ይለቃል፣ ከዚያ በአንድ ምት ይገባል። ፍሬን የሚባል አያውቅም! በኪቦርድ ስትነዳ ቀስቱ ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም፤ መሪውን በጥቂቱ ማዞር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ ነው የምትገራው። እኔ ግን ቀጥታው ላይም ሳይቀር በፍርሃት ጠቅ ጠቅ እል ነበር፤ መሪ በተዞረ ቁጥር ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል። እናቴ ከሳሎን ሆና ድምፁን ስትሰማ፣ «አይ ልጄ፣ ሥራ በዛብህ» ትለኛለች። ዝም አልኳት።

ጨዋታው ውስጥ ዕድል የለም። ያንኑ ቀስት በዚያው ቅጽበት ከተጫንክ መኪናው ሁሌም ያንኑ ያደርጋል። የሩጫው ፋይል የሚመዘግበውም የጣትህን ምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዳንድ ትልልቅ ሪከርዶች የጨዋታውን ፍጥነት ቀንሰው የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው እነዚህ ምቶች ሲመረመሩ ነው። ለነፃ ጨዋታ ሰው ለምን ያጭበረብራል ትላለህ። ያንን የወንድሜን ፈገግታ ካየሁ በኋላ ግን ትንሽ ትንሽ ይገባኛል መሰለኝ።

ብቻ ጨርቄን ማቄን ማለት አይቻልም። ከተሸነፍክ ጣትህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሳይፈላ በ0.05 ቀደምኩት። አልጮህኩም። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የቤት ሥራ ነበረኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።