ሹክሹክታ

ውርጭ ነው። የጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ነው፤ እግር ካልሞቀ እንቅልፍ የለም። የእምዬን ባና ደርቤያለሁ። ከመንዝ ይዛው ከመጣችው ሁሉ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ግን ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ ብርዱ አይደለም።

ከሰዓት ልጆቹን ሳለማምድ ነበር። ለሳይንስ ዐውደ ርዕዩ አምስት ቀን ቀርቶናል። ዳኞቹ በየጠረጴዛው እየቆሙ ይጠይቃሉ። የእኔ ልጆች ደግሞ ገና "ዳኛ" ሲባል ይንቀጠቀጣሉ። ልጅቷ፣ "ቲቸር፣ ከተሳሳትኩ ምን ይፈርዱብኛል?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እውነቷን ነው። እነሱ ቤት ዳኛ ማለት ፍርድ ቤት ነው፤ ሰው ስሙ ተጠርቶ የሚቆምበት።

ሥራቸው በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ሆነው የሠሩት ሳጥን ነው። ውስጡ የበግ ፀጉር ሞልተውበታል። ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ ትንሽ ያንተከትኩና ድስቱን ከነክዳኑ እዚያ ውስጥ ይቀብሩታል። የቀረውን ያለ እሳት ይበስላል። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ኩበት የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ልጅቷ ሐሳቡን ያገኘችው እናቷ ስለ ኩበት ስትማረር ሰምታ ነው።

ልጁ አንደበተ ርቱዕ ነው። ፖስተሩን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። "ፖስተሩን ወደ ግድግዳ አዙሩት" አልኳቸው። ከዚያ ዳኛ ሊጠይቅ የሚችለውን ጠየቅኳቸው። ስንት ጊዜ ደጋገማችሁት? ፀጉር በሌለው ሳጥንስ ሞክራችኋል? ያልጠበቃችሁት ነገር ምን ገጠማችሁ?

ልጁ ዝም አለ። ወደ እሷ ዞረ። እሷ መሬት መሬት እያየች በሹክሹክታ መለሰች። ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ። "ፀጉሩን ጠቅጥቀን ስንሞላው ቶሎ ቀዘቀዘ። ሙቀቱን የሚይዘው በፀጉሩ መሃል ያለው አየር ነው።" እሱ ቀበል አድርጎ ጮክ ብሎ ነገረኝ። አሳምሮ ነው የነገረኝ።

ያ ሹክሹክታ ነው እንቅልፌን የወሰደው። ከዚህ በፊት የማውቀው መሰለኝ።

አባባ በርስት ሙግት ስማቸው የታወቀ ነበር። በላ ልበልሃ ሲገጥሙ ሰው ሥራውን ጥሎ ሊሰማቸው ይመጣ ነበር ይባላል። አላፊ መንገደኛ ቆሞ የመንገድ ዳኛ የሚሆንበት ዘመን ነው። እኔ አልደረስኩበትም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሙግት ዘጋው።

ርስቱ ግን የእምዬ ነበር። በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ለመሟገት ትውልድ መቁጠር ያስፈልግ ነበር። እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እየተባለ እስከ አቅኚው አባት ይደረስ ነበር። ያን ቆጠራ የምታውቀው እሷ ነበረች። ማታ እሳት ዳር የበግ ፀጉር እየፈተለች ትቆጥርላቸዋለች። ጠዋት እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ሲረቱም የተወራው የእሳቸው አንደበት ነው።

ይህን የነገረችኝ ራሷ እምዬ ናት። በቅሬታ አልነበረም፤ በኩራት ነው። "ምን ብለው እንደረቱት ብነግርሽ!" ትልና ትጀምራለች። የራሷን ቆጠራ ከእሳቸው አፍ እንደሰማችው አድርጋ። ተራው ቢሰጣት ትቆም ነበር? ጠይቄያት አላውቅም። ያኔ ጥያቄ መሆኑም አልታየኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ልጅቷን "ቀና በይ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ" ስላት ከርሜያለሁ። ያላወቅሽውን "አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ ብሞክረው ይታወቃል" በይ ብያታለሁ። ይህኛውን ወዲያው ተቀበለችኝ። ቀና ማለቱ ነው ያቃታት። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር እናቷ ያስተማረቻት ጨዋነት ነው። እኔንም እምዬ ያሳደገችኝ በዚያው ነው። አላዋቂነት አይደለም። ዳኛው ግን ፍርሃት ይመስለዋል፤ ወይም ሥራው የእሷ አይደለም ይላል። እሱን ሳስብ ነው የምናደደው።

ነገ ልጁን የሆነ ነገር እንዲያመጣልኝ ልልከው አስቤያለሁ። እሷና ሳጥኗ ብቻ ይቀራሉ። እኔ ዳኛ ሆኜ ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። ቀና ካላለችስ? ዝም ብዬ ልጠብቃት፣ ወይስ እንድትናገር እኔም ዓይኔን ልስበርላት?